ወንድሜን ላመጣ ሄጄ ነበር

ድርሰት መጻፍ አይሆንልኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ የአማርኛ መምህሬ ግን ጽሑፌን ሲመልሱልኝ «አሳብህ እየተቆራረጠ ነው» ይሉኝ ነበር። አሁንም ይቆራረጣል። ይህን የምጽፈው ወንድሜ ከሞተ ዓመት ስለሞላውና በዚያ ጊዜ ያየሁትን ለሰው አስተካክዬ ተናግሬ ስለማላውቅ ነው። ለመናገር ስጀምር መሐል ላይ ድምፄ ይጠፋል። በጽሑፍ ግን ቢጠፋም ቆይቼ እቀጥላለሁ። አንባቢ ይታገሠኛል ብዬ አምናለሁ።

ወንድሜ መምህር ተክለ ወልድ ይባላል። እኔ ጋሼ ነበር የምለው። እናታችን እሱን ገና ልጅ ሳለች፣ እኔን ደግሞ ከእንግዲህ አልወልድም ብላ በተወችበት ዕድሜ ነው የወለደችን። ስለዚህ እኔ ነፍስ ሳውቅ እሱ ቡልጋ አልነበረም። ከምባታ ወርዶ፣ ከዶዮገና ወጣ ብላ ባለች መንደር ያስተምር ነበር። በየሁለት ሦስት ዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ ይመጣል። አባታችን እኔ በእግሬ ሳልቆም ስለሞተ፣ ጋሼ ሲመጣ አባት የመጣልኝ ያህል ነበር። ጥፍሬን ይቆርጥልኛል፣ ራሴን ያጥበኛል፣ ማታ ማታ ተረት አስነግሮኝ እሱ ቀድሞኝ ይተኛል።

እዚያው አግብቶ አራት ልጆች ወልዷል። እናቴ ሚስቱንም ልጆቹንም አይታ አታውቅም። «የሩቅ አገር ሴት ያዘችብኝ» ትል ነበር። ትንፋሽ እያጠረው ሲመጣና ሐኪሞች ሥራ ይብቃህ ብለውት ጡረታ ሲወጣ፣ እናቴ ቤት አስጠረገች። «ሥራው ካለቀ ምን ያስቀረዋል?» አለች። ጋሼ ግን አልመጣም።

ከዚያ ታሞ ተኝቷል የሚል መልእክት ደረሰን። እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ሁለት እጄን ያዘች።

«በነፍስ ከደረስክበት አምጣው። ባትደርስበትም አምጣው።»

«እማዬ፣ እንዲህ አይባልም፤ ይድናል።»

«እኔ የምልህን ስማ። ልጄን በሰው አገር አፈር አልተወውም። አባቱ አጠገብ ነው የሚያርፈው። ማልልኝ።»

በአባቴ ስም ማልኩላት።

ሆሳዕና ከተማ የደረስኩት በነጋታው ከሰዓት በኋላ ነው። መልእክቱን የላኩልን አቶ ነስሩ የሚባሉ የጉራጌ ነጋዴ ስለነበሩ ሱቃቸውን ጠይቄ ገባሁ። ጨው ሲመዝኑ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና ሚዛኑን አስቀመጡ።

«የመምህሩ ወንድም ነህ። ግንባርህ ቁርጥ የእሳቸው ነው።»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ብድግ አሉ። ለእኔ ሰው ተነስቶልኝ አያውቅም፤ ለምን እንደተነሱ አልገባኝም። አቶ ነስሩ ወደ ጓዳ አስገብተው በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ፤ ውኃ ሰጡኝ።

«በል እንግዲህ ወንድ ሁን» አሉ። «ማለዳ አረፉ። እንደምትመጣ ለመንደሩ ሰዎች ስለነገርኩ አልተቀበሩም። የእናቱ ልጅ ሳይደርስ አፈር አናለብሰውም ብለው እየጠበቁህ ነው።»

ያን ጊዜ ያደረግሁትን አላስታውስም። አቶ ነስሩ ጋቢ ደርበውልኝ አጠገቤ ቁጭ ብለው «አላህ ያጽናህ፣ አላህ ያጽናህ» ሲሉ ብቻ ትዝ ይለኛል። ልቤ ሲመለስ የእናቴን ቃል ነገርኳቸው።

«ይከብዳል» አሉ። «ግን የእናት ቃል ነው። የጭነት መኪናዬ ነገ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። ሬሳው እስኪደርስ አስጠብቅልሃለሁ፤ ሳጥንም አሠራለሁ። ስለ ኪራይ አፍህን ከከፈትክ ግን እንጣላለን።»

በበቅሎ አሻገሩኝ። የመራኝ ጴጥሮስ የሚባል ወጣት መምህር ነበር፤ ጋሼ ፊደል አስቆጥሮት፣ ጡረታ ሲወጣ ክፍሉን የተረከበው እሱ ነው። መንገዱን ሙሉ ብዙም አላወራን። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደ መሳቅ ብሎ እንዲህ አለኝ።

«ልጅ አዝለው ያስተምሩን እንደነበር ታውቃለህ?»

«ማን? ጋሼ?»

«ሚስታቸው ወልደው ታመው ሳሉ። ብርሃኔን በአንቀልባ አዝለው ሰሌዳው ፊት ቆሙ። አገሩ ሁሉ በመስኮት መጥቶ ሳቀ። ወንድ ልጅ ያዝላል እንዴ! እሳቸው ዞር ብለው፣ ‹ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ሳቁ፤ ልጅቷ ተኝታለች› አሉ።»

መንደሩ ስንደርስ ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላ ነበር። ከእንሰቱ ባሻገር ያለው ሜዳ በሰው ተሞልቷል። ፈረሰኞች ጦር ይዘው ይዞራሉ፤ ሴቶች ደረታቸውን ይመታሉ። እኛን ሲያዩ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም።

ጋሼን አስገብተው አሳዩኝ። ፊቱ ያው ነው። ከስቷል እንጂ ያው ነው። ግንባሩን ሳምኩት፤ ቀዝቃዛ ነበር። ስለዚያ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ስወጣ አቶ ሄራሞ የተባሉ ረጅም ሽማግሌ፣ የመንደሩ ጎሳ ታላቅ፣ ከሽማግሎቹ መሐል አስቀመጡኝ። አማርኛቸው ዝግ ያለ ነው፤ ቃል በቃል እየመረጡ ነው የሚናገሩት።

«ልጄ፣ ጠበቅንህ። በኛ ሕግ በሬሳ ላይ የሚያዝዘው የእናት ልጅ ነው። አንተ ያልከው ይሆናል። ተናገር።»

የእናቴን ቃል ተናገርኩ። ጴጥሮስ ወደ ቋንቋቸው ሲመልሰው ከሴቶቹ በኩል ጩኸት ተነሣ። አንድ ፈረሰኛ ጦሩን መሬት ላይ ተክሎ «አይሆንም!» አለ በአማርኛ፣ እኔ እንድሰማው። «ዳኛ ፊት ማን ቆመልን? የእሱ አገር ሰዎች ሲፈርዱብን፣ በኛ ቋንቋ ሰምቶ በእነሱ ቋንቋ የተናገረልን ማን ነው? አሁን ሬሳው የእነሱ ሊሆን ነው?»

አቶ ሄራሞ እጃቸውን አነሡ። «ዝም በል። ልጁ አልፈረደብህም። እናት ነች የላከችው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንድ ነገር ብቻ እንለምንሃለን። በበቅሎ አትጫነው። እስከ ሆሳዕና በትከሻችን እናድርሰው።»

እሺ አልኩ። ምን እላለሁ?

የጋሼ ሚስት ታደለች በሩ ጋ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ሄጄ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዛ አነሣችኝ።

«እናት፣ እናት ናት» አለችኝ። «ውሰድ።»

ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። የቀርከሃ ቃሬዛ ሠርተው፣ ዝናብ ቢመጣ ብለው በእንሰት ቅጠል ሸፈኑት። በዚያ አገር ሬሳ ሲሸኝ አንድ መንደር ብቻውን አይሸከምም። እያንዳንዱ መንደር እስከ ወሰኑ ያደርሳል፤ በወሰኑ ላይ የሚቀጥለው መንደር ሰዎች ቆመው ይጠብቃሉ፤ ትከሻ ለትከሻ ይቀባበላሉ። ሬሳው መሬት አይነካም። እኔ ይህን አላውቅም ነበርና ገና ከመጀመሪያው ወሰን ስንደርስ ጭቅጭቅ ስሰማ ደነገጥኩ።

«ምን ሆኑ?» አልኩት ጴጥሮስን።

«አንለቅም እያሉ ነው።»

ቃሬዛውን የያዙት ሰዎች ወሰኑን አልፈው ሊሄዱ ይፈልጋሉ። የሚጠብቁት ደግሞ መንገድ ዘግተዋል። የሚባባሉትን ጴጥሮስ እየተረጎመ ነገረኝ።

«እናንተ ከዚህ በኋላ ምን አገባችሁ? ተራችን ነው!»

«እናንተማ ቀስ ብላችሁ ነው የምትሄዱት። ማባዛትም እስኪገባችሁ ስንት ዝናብ ዘነበባችሁ!»

«እኛን? አንተ አይደለህም እንዴ ሰባት ጊዜ ስምንትን ስትጠየቅ ከፍየል ጋር የተደበቅከው?»

ሰዎቹ እያለቀሱ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። በመጨረሻ ከሁለቱም መንደር ተቀላቅለው ያዙት። በየወሰኑ እንዲሁ ነበር። ጢማቸው የሸበተ ሰዎች ጭምር «አስተምሮኛል» ይላሉ፤ ከሥራ መልስ ማታ ማታ አስተምሯቸው ነበር። አንዲት አሮጊት መንገድ ላይ ቆመው በጴጥሮስ አስተርጓሚነት ለእኔ ብቻ ነገሩኝ፤ ልጃቸው ትምህርት አልገባ ሲል ጋሼ ቤታቸው ድረስ መጥቶ ከልጁ ጋር እንሰት ሲፍቅ ውሎ፣ ማታ «እኔ አንተን ረዳሁ፤ ነገ አንተ እኔን ትረዳለህ» ብሎ ሄደ። ልጁ በነጋታው ትምህርት ቤት ተገኘ።

እንደዚህ እየሆነ ቀኑ ገፋ። መኪናው ይጠብቀኛል፤ መንገዱ አያልቅም። አልዋሽም፣ ፈራሁ። ደግሞ እየሄድን በሄድን ቁጥር ሰዎቹ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ወደ ኋላ ዞረው ታደለችንና ልጆቹን ያዩና ቶሎ ፊታቸውን ይመልሳሉ። አንድ የማላውቀው ነገር እንዳለ ተሰማኝ።

ከምባታና ሐዲያ የሚዋሰኑበት ትንሽ ወንዝ ዳር ስንደርስ አቶ ሄራሞ እንረፍ አሉ። ቃሬዛውን በሁለት ድንጋዮች ላይ አኖሩት። ሚስትና ልጆች ከዚያ እንደማያልፉ ነገሩኝ፤ የሚሰናበቱት እዚያ ነው። የጋሼ ትልቋ ልጅ ብርሃኔ ታናሽ ወንድሟን ታቅፋ አጠገቤ ተቀመጠች። የምላት ስላጣሁ ትምህርቷን ጠየቅኋት።

«ስንተኛ ክፍል ትገቢያለሽ?»

«ሰባተኛ ነበር።»

«ነበር ማለት?»

«ከአጎቶቼ ቤት ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው። አይደረስም።»

«ከአጎቶችሽ ቤት ምን ይወስድሻል? የራሳችሁ ቤት አለ አይደለም?»

ልጅቷ ዓይኗን ወደ ቃሬዛው አዞረች። «አባቢ ከሄደ እኮ ቤቱ የኛ አይደለም» አለች።

ጴጥሮስ ከወዲያ በኩል ጮኸባት። «ብርሃኔ! ዝም በይ!»

ተነሥቼ አቶ ሄራሞ ጋ ሄድኩ። «ምን ማለቷ ነው?»

«ልጅ ናት። ተዋት።»

«ይንገሩኝ።»

«በለቅሶ ላይ የመሬት ነገር አይነሣም። ነውር ነው።»

«እኔ ጠይቄያለሁ። ነውሩ የእኔ ይሁን።»

ሽማግሌው በትራቸው ላይ ተደገፉ። «እሺ» አሉ። «መምህሩ ሲመጣ እንግዳ ነበር። እኛ ጋ ጎሳ የለውም። ልጃችንን ስንድርለት ቤት የሚሠራበትና እንሰት የሚተክልበት ቦታ ሰጠነው። በኛ መንደር ለእንግዳ የተሰጠ ቦታ የእሱ የሚሆነው ውስጡ ሲቀበር ነው። አባቱ ካረፈበት ጓሮ ልጅን የሚያስነሣ የለም። አባት ከሄደ ግን ቦታው ለጎሳው ይመለሳል። ልጆቹ ወደ አጎቶቻቸው ይገባሉ። አይራቡም። የእንግዳ ልጆች ይባላሉ እንጂ አይራቡም።»

«እርስዎ የጎሳው ታላቅ ነዎት። ይተውላቸው ቢሉስ?»

«እተዋለሁ። እኔ ስሞትስ?»

«ታዲያ ትናንት ለምን አልነገሩኝም?»

«እንዴት ብዬ?» አሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። «እናት ልጄን ብላ ልካ፣ እኛ በሬሳው ላይ ስለ መሬት እንደራደራት? መምህሩ እንደዚያ አላስተማረንም።»

ዞሬ ታደለችን አየሁ። ሁሉንም ታውቃለች። ባሏንም ቤቷንም እየወሰድኩባት እንደሆነ እያወቀች፣ ለእኔ ለመንገዴ ቆጮ በቅጠል ጠቅልላ በእጇ ይዛ ቆማለች። እንዲያ ይዛ ስትከተለኝ ነው የዋለችው።

አንባቢ ሆይ፣ በዚያ ወንዝ ዳር ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። እናቴ ሁለት እጄን እንደያዘችኝ ይሰማኝ ነበር። በአባቴ ስም ምያለሁ። ወደ ቃሬዛው ሄጄ ቅጠሉን ገለጥ አደረግሁና «ጋሼ፣ ምን ላድርግ?» አልኩት። ሁልጊዜ የሚነግረኝ እሱ ነበር። አሁን ዝም አለ። ያን ጊዜ ነው መሞቱ በእውነት የገባኝ።

«መልሱት» አልኩ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ያልሰሙኝ መስሎኝ ደግሜ ጮኽኩ። «መልሱት! እዚያው ይቀበር!»

ጴጥሮስ ጆሮዬ ላይ ተጠግቶ «የወጣ ሬሳ አይመለስም» አለኝ። «በወጣበት ደጅ ተመልሶ ከገባ ሌላ ሞት ይጠራል ይላሉ። ማንም አይሸከመውም።»

አሁን ደግሞ እዚህም እዚያም የማይቀበር አደረግሁት ማለት ነው። ሽማግሎቹ ክብ ሠርተው መከራከር ጀመሩ። አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ራሱን ይነቀንቃል። ቋንቋቸውን አልሰማም፤ ፊታቸውን ብቻ እያየሁ እጠብቃለሁ። በኋላ አቶ ሄራሞ በአማርኛ ጠየቁ፤ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል።

«በወጣበት አይመለስም። ልክ ነው። ግን መምህሩ መጀመሪያ ሲመጣ በየት ነው የገባው?»

አንድ ሽማግሌ መለሱ። «በላይኛው መንገድ። ከሆሳዕና በሐዲያ በኩል ዞሮ።»

«እንግዲያው ወንዙን እናሻግረውና በላይኛው መንገድ ዞሮ ይግባ። የወጣው እንግዳው ነው። የሚገባው የአገሩ ሰው ነው።»

አንድ ፈረሰኛ ለአቶ ነስሩ መኪናው አይጠብቀን ብሎ እንዲነግር ወደ ሆሳዕና ተላከ። ያው ትናንት «አይሆንም» ያለው ሰውዬ ነበር። ሊሄድ ሲል ከፈረሱ ወርዶ እጄን ሳመ። እኔ ልጅ ነኝ፤ እጄን ለመንጠቅ ብሞክርም አልለቀቀኝም።

ታደለችና ልጆቹም አብረውን ተሻገሩ። በሐዲያ በኩል ያሉት መንደሮች በየወሰናቸው ወጥተው ተቀበሉን። ዙሩ ረጅም ነበር፤ ዳገት ነው፤ በመሐሉ ዝናብ መጣ። እኔም ቃሬዛውን ያዝኩ፤ ወንድሜ እንዲያ ቀላል መሆኑ አሳዘነኝ። ከጓሮው ጀርባ፣ በእንሰቱ መሐል አድርገን ስንገባ ሰማዩ ገና ብርሃን ነበረው። ጉድጓዱን ሁሉም ተሻምቶ ቆፈረው። የመጀመሪያውን አፈር እኔ እንድጥል አደረጉኝ፤ ቀጥሎ ብርሃኔ፣ ዮሐንስ፣ አስቴር፤ ትንሹን ደግሞ እናቱ እጁን ይዛ አስጣለችው። ታደለች ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በፊት መቃብር የሞተ ሰው ማረፊያ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አገርም የተወለዱበት ብቻ ይመስለኝ ነበር። እናንተስ እንዴት ታስባላችሁ? እኔ ሰው በሥራው ሌላ አገር እንደሚወለድ ያየሁት በወንድሜ ሬሳ ነው። እንዲህ ስል ግን የተጽናናሁ እንዳይመስላችሁ። አልተጽናናሁም።

ወደ ቡልጋ ባዶ እጄን ተመለስኩ። እናቴ ከሩቅ አየችኝ፤ ከኋላዬ ሰው እንደሌለ አየች። ሁሉንም ነገርኳት፣ አንድም አልደበቅሁም። ጨርሼ ስነሣ «ልጄን ለሰው ሰጥተህ መጣህ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ወራት አላናገረችኝም። ምግብ ባቀርብላት እኔ ካልወጣሁ አትቀምስም። አልቀየምኳትም፤ ልክ ነች፣ ምዬላት ነበር።

ዓመቱ ሊሞላ ሲል አንድ ጠዋት ጠራችኝ።

«የልጆቹ ስም ማን ማን ነበር?»

«ብርሃኔ፣ ዮሐንስ፣ አስቴር፣ ሱላሞ።»

«የመጨረሻው ሰሎሞን ነው?»

«ሱላሞ ነው እማዬ። የአገሩ ስም ነው።»

«ሱ... ላሞ» አለች። ስትጸልይ ሁልጊዜ ከሕያዋን መጀመሪያ የምትጠራው ጋሼን ነበር። ያን ቀን ከመጋረጃው ወዲያ ሆኜ ሰማኋት፤ በእሱ ቦታ አራቱን ልጆች በየተራ ጠራች። ሱላሞ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ፣ ተጠንቅቃ ነው ያለችው። እኔ ደጅ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ።

ወጥታ አገኘችኝ። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ዓይኔን ሳታይ ጠየቀችኝ።

«ከሆሳዕና ወዲያ ለአሮጊት በቅሎ ይገኛል?»

«ይገኛል እማዬ» አልኳት። «በቅሎ ቢጠፋ እንኳ፣ የሚሸከምሽ ሰው አይጠፋም።»